የግንበኛው ቤት ደረጃ

ጥር 12

ወንድምዓለም፣

እንዴት ነህ? ጤናህ፣ ሥራህ፣ ያ የወደብ ንፋስ እንዴት አድርጎሃል? እኛ ደህና ነን። አባባ ደህና ነው፣ እኔ ደህና ነኝ፣ የሱቄ ክርና ቁልፍም ደህና ነው። «ለምን ጠፋሽ?» ብለህ ላማረርከው መልስ አለኝ፤ ወሬውን እስክነግርህ እጄ እየተቁነጠነጠ ነው። እህትህ የማዘጋጃ ቤት ሰው ሆናለች!

አትሳቅ። የሰፈራችን ተወካይ ሆኜ የቤት ግምት ኮሚቴ ውስጥ ገብቻለሁ። ስሜ የተጻፈበት ባጅ በአረንጓዴ ጥብጣብ አንገቴ ላይ አንጠልጥለውልኛል። ባል ያላከበረኝን ማዘጋጃ ቤት አከበረኝ። ማታ ላወልቀው ስል አባባ «ኧረ ተኚበት፣ ሌባ እንዳይወስድብሽ» እያለ ይቀልድብኛል።

በጀት የሚባለውን ነገር እኔ የትልልቅ ሰዎች ምሥጢር ይመስለኝ ነበር። ለካ ድስት ሳይጣድ በፊት ስንት ሰው እንደሚበላ መቁጠር ነው! መጀመሪያ ወጪው ይደረደራል። የጎርፍ ቦዩ ከክረምት በፊት መጠረግ አለበት፣ የጤና ጣቢያው ጣሪያ ያፈሳል፣ የመንገድ ጠራጊዎቹ ደመወዝ አለ፣ የመንገድ መብራት አለ። ከዚያ ላይ ከገበያው የሚሰበሰበው ይቀነሳል። የጎደለው እንዳለ በቤቶች ላይ ይከፋፈላል፣ እንደየደረጃቸው። ጥርብ ድንጋይ አንደኛ፣ ብሎኬት ሁለተኛ፣ ጭቃ ሦስተኛ። ደረጃውን በየቤቱ ዞረን የምንመድበው እኛ ነን፤ ሊቀመንበራችን ጡረታ የወጣው ፋርማሲስት፣ እኔ፣ እና ሜትር ያዡ። ሜትር ያዡን «ቀጭኔ» ነው የምንለው። ጣሪያ ለመለካት መሰላል አያስፈልገውም።

አሁን ጆሮህን አምጣ። ባለፈው ሳምንት የኛን ቤት አየነው። አባባ ገበያ ወጥቶ ነበር። ቀጭኔ ነጩን ግድግዳ ሽቅብ ቁልቁል አየና «ጭቃ፣ ሦስተኛ» አለ። እኔስ? እኔ ጸጥ! በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አፌን ዘጋሁ። ከኖራው ሥር ያለውን አንተም ታውቀዋለህ፤ አባባ አንድ በአንድ የጠረበው ድንጋይ ነው። እማዬ «ነጭ ቤት ካልሆነ አልገባም» ባትለው ኖሮ ያን የመሰለ ድንጋይ ማን ምርጊትና ኖራ ያለብሰው ነበር? ግን የአንደኛ ደረጃ ግብር የሱቄን ትርፍ ጠራርጎ ይወስደዋል። አባባ በሰላም ይጦር ብዬ ዝም አልኩ። ጎበዝ አይደለሁም?

ጽሕፈትህን ደግሞ ምን ነካው? ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው።

እህትህ

የካቲት 1

እህትዓለም፣

ወሬሽ ደርሶኛል። ፖስተኛው ክብደቱን አማሮ ነው የሰጠኝ። ለባጁ እንኳን ደስ ያለሽ፤ ዕድሜ ልክሽን የሰው ቤት ስታዪ ኖረሽ አሁን ገና ፈቃድ ሰጡሽ ማለት ነው።

ዝም ማለትሽ ደግ ነው። ድንጋይም ሆነ ጭቃ፣ ዝናብ ካላስገባ ያው ቤት ነው። ይህን ግን ለአባባ እንዳትነግሪው። መዶሻውን አልይዝም ብዬ የወጣሁ ዕለትም ይህንኑ ስለው ሰምቶኛል፣ አንዴ ይበቃዋል።

ስለ ጽሕፈቴ አታስቢ፣ ርካሽ ብዕር ገዝቼ ነው። ሥራ ደህና ነው፣ ብየዳው እንደ ድሮው ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽና ሳትዋሺ መልሺልኝ። አሁንም ስለ እኔ ያነሳል?

ወንድምሽ

የካቲት 24

ወንድምዓለም፣

ያነሳል። ደብዳቤህ ሲመጣ በሩ ላይ ቆሞ ፖስታውን በእጁ ይመዝነዋል። «ስለ ቤቱ ምን አለ?» ይለኛል። «ሰላም ብሎሃል» እለዋለሁ። ሌላ ምን ልበለው?

አሁን የሆነውን ስማኝ። በኛ ማዘጋጃ ቤት በጀቱ ከመጽደቁ በፊት የቤቶቹ ደረጃ ሁለት ጊዜ በአዳራሹ ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ አንዱ አሁን፣ አንዱ ሰኔ መጨረሻ ላይ። ጸሐፊው «የዳቦ ጋጋሪው ቤት፣ ብሎኬት፣ ሁለተኛ ደረጃ» ሲል ባለቤቱ ይነሳና ወይ «ይሁን» ወይ «አይሁን» ይላል። «አይሁን» ላለ ቤቱ እንደገና ይታይለታል። መቼም የኛ ሰው «አይሁን» ሲል ወደ ታች ነው። ጋጋሪው «ቤቴ ዛሬ ነገ ሊወድቅብኝ ነው» እያለ ሲያለቃቅስ፣ ሲሠራ ብሎኬት ያቀበለው ሰው ከጎኑ ተቀምጦ «እውነቱን ነው፣ በነፍስ ነው ያለው» እያለ ያግዘዋል። እኔ ሳቄን ለመደበቅ ባጄን እነክሳለሁ።

አባባ እንዲመጣ አልፈለግኩም ነበር። «ብርድ ነው፣ እኔ እመልስልሃለሁ» አልኩት። «ለኔ ቤት የምመልስ እኔ ነኝ» ብሎ ለእማዬ ቀብር የለበሰውን ኮት ለበሰ።

«የግንበኛው ቤት፣ ጭቃ፣ ሦስተኛ ደረጃ።»

አባባ ቀስ ብሎ ተነሳ። «አይሁን» አለ።

«አባት፣ ከሦስተኛ በታች እኮ የለም» አለው ጸሐፊው። አዳራሹ ሳቀ።

«ወደ ላይ ነው የምልህ። ድንጋይ ነው። አንደኛ ነው።»

ያን ጊዜ ሳቁን ብትሰማ! ገንዘብ ያዡ መነጽሩን አውልቆ «እዚህ ወንበር ላይ ሸበትኩ፣ ጨምሩብኝ የሚል ሰው ግን ገና ዛሬ አየሁ» አለ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ብቻ አልሳቀችም። ጠጋ ብላ «ምነው አባቴ፣ የሰፈሩን ግማሽ ግድግዳ ያቆሙት እርስዎ! የእርስዎ ኖራ ከተላጠ የኛንም መጥተው ሊፍቁት አይደል?» ስትለው ሰማኋት። «እኔ የሰው ቤት አልናገርም፣ ልጄ። የራሴን ነው» አላት።

ወደ ቤት ተመለስን። በሩ ላይ ስንደርስ ቆመ። «ቤቴን ጭቃ ሲሉት አንቺ እዚያ ነበርሽ?» አለኝ።

«ግብሩ እንዳይከብድህ ብዬ ነው፣ አባባ።»

«ከብዶኝ አያውቅም» አለ።

ድንጋይ ሲሸከም ያረጀ ሰው «ከብዶኝ አያውቅም» ሲልህ ምን ትመልሳለህ? ባጁን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

እህትህ

መጋቢት 17

ወንድምዓለም፣

ቅሬታው ምን ደረሰ ላልከው፣ ኮሚቴው «ድንጋዩን በዓይናችን ሳናይ አንጽፍም» አለ። አባባም መሮና መዶሻውን ከአልጋው ሥር አውጥቶ ምርጊቱን ራሱ መፈልፈል ጀመረ። ተው ብለው አልሰማኝ። የፊቱንና የሁለቱን ጎን ጨርሷል፤ የሰሜኑ ብቻ ቀርቶታል። ድንጋዩ ትናንት የተጠረበ ነው የሚመስለው። እየፈለፈለ ከእማዬ ጋር ያወራል። «ይቅር በይኝ፣ ያለበስሽውን እየገፈፍኩ ነው» ሲላት ሰምቼዋለሁ።

ሰሞኑን ትንሽ ጉንፋን ይዞት ተኝቷል። ሌላ አዲስ ነገር የለም። በርታ።

እህትህ

ሚያዝያ 3

እህትዓለም፣

ግማሽ ገጽ ጻፍሽልኝ። አንቺ! ስለ አንድ ቁልፍ ሦስት ገጽ የምትሞዪ ሴት! ደጋግሜ አነበብኩት፣ ከጻፍሽው ይልቅ ያልጻፍሽው በዛብኝ። ጉንፋን ነው ወይስ ሌላ? እውነቱን ንገሪኝ።

መምጣት አልችልም። ምክንያቱን አሁን አትጠይቂኝ። ከዚህ በታች ያለውን ግን ለእሱ አንብቢለት።

«አባባ፣ የሰሜኑን ግድግዳ ስትገነባ ውሃ የማቀብልህ እኔ ነበርኩ፤ ባልዲው ከኔ ይበልጥ ነበር። የማዕዘኑን ድንጋይ ካስቀመጥክ በኋላ በመዶሻው እጀታ አንኳኳኸውና ጆሮዬን አስጠጋኸኝ። ‹ጭቃ ድምፅ ይውጣል፣ ድንጋይ ይመልሳል› አልከኝ። እኔ ዛሬም ብረት ከመበየዴ በፊት አንኳኩቼ ነው። ቤትህ ድንጋይ ነው። ምስክሩ እኔ ነኝ። ልጅህ።»

ወንድምሽ

ግንቦት 2

ወንድምዓለም፣

ይህን ደብዳቤ ተቀምጠህ አንብበው። ብቻህን ከሆንክ ጎረቤት ጥራ፤ ወረቀቱ የትም አይሄድም፣ ይጠብቅሃል።

አባባ አርፏል።

ቴሌግራም ላደርግልህ ፖስታ ቤት ሄጄ ነበር። ሰውየው «የምናስከፍለው በቃል ነው፣ አሳጥረው ይጻፉ» አለኝ። እኔ ለፍላፊዋ፣ ቃል አጠረኝ። «አባባ» ብዬ ጻፍኩና የሚቀጥለውን መጻፍ አቃተኝ። ወረቀቱን ጨምድጄ ወደ ቤት ተመለስኩ። ቀብሩም ያላንተ ሆነ። ይቅር በለኝ።

ጉንፋን አልነበረም። የሰሜኑን ግድግዳ ሲጀምር መሰላሉ ተንሸራተተ፤ ዳሌው ተሰበረ። «ለልጁ እንዳትጽፊ፣ ሥራውን ጥሎ ይመጣል» ብሎ አስማለኝ። አፉ እንዲህ ይላል እንጂ በር በተንኳኳ ቁጥር አንገቱን ከትራሱ ቀና ያደርግ ነበር።

ደብዳቤህ የደረሰው በሕይወት እያለ ነው። ይህን ያዝልኝ፣ በሕይወት እያለ ነው። ኮሚቴው ሊመጣ በዋዜማው ደረሰ። አነበብኩለት። «እንደገና» አለ። አነበብኩለት። «ባልዲውን በይው» አለኝ፤ የባልዲውን ለብቻ አነበብኩለት። ሳቀ። «ይደፋው ነበር እኮ፣ ግማሹን ለራሱ እግር ነው የሚያጠጣው» አለ። ምሽቱን ሙሉ ፊቱ በራ።

በማግስቱ ኮሚቴው መጣ። እኔ ባጄን ከመሳቢያ አውጥቼ አጠለቅኩ። ሊቀመንበራችን ሦስቱን ግድግዳ አይቶ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ፤ ሰሜን ሲደርስ ግን ቆመ። «ይህ ከአንዲት ድንጋይ በቀር ምርጊት ነው። ደንቡ አራቱም ይላል። ሁለተኛ ብንለውስ? እሳቸውም አይከፉ፣ ግብሩም አይከብድ» አለ። ሰውየው ደግ ነው፣ ለኛ ብሎ ነው። እኔም ልቤ ሁለት ሆነ።

ከውስጥ የአባባ ድምፅ መጣ። «አንኳኩት!»

ቀጭኔ ግራ ገብቶት በቡጢው ኖራውን መታ መታ አደረገ። ከውስጥ ጠቅ፣ ጠቅ ተባለ። አባባ የሰሜኑን ግድግዳ በተጠጋው አልጋው ላይ እንደተኛ በመዶሻው እጀታ ይመልስለታል። ቀጭኔ ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጠፈ። እዚህ መታ፣ ተመለሰለት። ጥጉ ጋ ሄዶ መታ፣ ተመለሰለት። ያ ረጅም ሰውዬ ጎብጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንደ ሐኪም ሲያዳምጥ ብታየው! መጨረሻ ላይ ጆሮው በኖራ ነጭ ሆኖ ዞረና «ድንጋይ ነው» አለ።

እሰይ! እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ሮጬ ገባሁ። «ጻፉት?» አለኝ አባባ። «ጻፉት። አንደኛ።» ዓይኑን ከደነ። «ለልጁ ጻፊለት» አለ።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። አንድ ጠዋት ሻዩን ይዤ ስገባ መዶሻው ደረቱ ላይ ነበር፣ እጁም እላዩ ላይ። እንቅልፍ መስሎኝ «ሻዩ ይቀዘቅዛል» እያልኩ ቆሜ አወራሁት። ታውቀኛለህ፣ ብዙ አወራሁት።

እህትህ

ግንቦት 20

እህትዓለም፣

ተቀምጬ አነበብኩት። ጎረቤት አልጠራሁም።

ደበቅሽኝ ብዬ አልቆጣሽም፤ እኔም ደብቄሻለሁ። ጽሕፈቴን ያበላሸው ብዕሩ አይደለም። ክረምቱ ሲወጣ የመርከብ ብረት ቀኝ እጄ ላይ ወደቀ። ሁለት ጣት ተርፎልኛል። የምጽፈው በግራዬ ነው። ዛሬም እበይዳለሁ ማለቴ ለእሱ ያልኩት ውሸት ነው፤ አሁን መጋዘን ጠባቂ ነኝ። መዶሻ አልይዝም ብዬ ከቤት የወጣሁ ሰው፣ መዶሻ መያዝ የማይችል እጅ ይዤ በየት በኩል ልግባ? ሲሻለኝ፣ ሲሻለኝ እያልኩ ይኸው ጊዜው አለፈ።

አሁን ስሚኝ። በሰኔው ንባብ ስሙ ሲጠራ «አይሁን» በይ። አንደኛ መባሉን ሰምቶ ነው የሄደው፣ በቃው። የሰሜኑ ግድግዳ አሁንም ነጭ ነው፤ ራሳቸው ሁለተኛ ሊሉት ነበር። ግብሩ የሚወድቀው አንቺ ላይ ነው፣ እኔም የምልክልሽ የለኝም። ለድንጋይ ብለሽ ሱቅሽን አትዝጊ።

ወንድምሽ

ሰኔ 28

ወንድምዓለም፣

እጅህን ከሩቅ ሳምኩት። ዶሮ ጫረው ያልኩ ዕለት አፌን በቆረጠው። እንግዲህ ጽሕፈትህ ከማንም ጽሕፈት በላይ ያምራል፣ ተከራካሪ ካለ ይምጣ።

ንባቡ ትናንት ነበር። ዝናቡ የአዳራሹን ቆርቆሮ ይደበድበዋል፣ ሰው ጢም ብሏል። መጀመሪያ በጀቱን አሰሙን። ቦዩ ተፈቅዷል፤ የጤና ጣቢያው ጣሪያ ለከርሞ ተላለፈ። ሁሉ ነገር አይበቃም፣ ከአንዱ ቆርሰህ ነው ለሌላው የምታጎርሰው። እኔ ከኮሚቴው ጋር ፊት ለፊት አልተቀመጥኩም። ባጄን ቦርሳዬ ውስጥ አድርጌ፣ አባባ ያኔ የተቀመጠበት አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ።

ልብስ ሰፊዋ ከጎኔ ነበረች። አባባ ካረፈ ወዲህ ባየችኝ ቁጥር ታለቅሳለች፣ ትናንትም እንባዋ አልቆመም። «የልብስ ሰፊዋ ቤት፣ ጭቃ፣ ሦስተኛ ደረጃ» ሲባል ስቅስቅ እያለች ተነሳችና «ይሁን» ብላ ተቀመጠች። ድንጋይዋን ማን እንደጠረበው እኔም አውቃለሁ፣ እሷም ታውቃለች። በለቅሶ መሀል ሳቄ አመለጠኝ። እሷም በመሀረቧ ውስጥ ሳቀች። አባባ የሰው ቤት አልናገርም ብሏል፣ እኔም አልናገርም።

ከዚያ «የግንበኛው ቤት፣ ጥርብ ድንጋይ፣ አንደኛ ደረጃ» ተባለ።

ማንም አልተነሳም። ጸሐፊው ቀና ብሎ ጠበቀ። ያው ልማዱ ነው፣ እንደገና አነበበው። ያንተ «አይሁን» ምላሴ ላይ ነበር፣ እውነቴን ነው። ከቤት ስወጣ እሱን እያልኩ ነው የመጣሁት፤ ከዚህ በላይ ልክ የሆነ ምክር የለም። ተነሳሁ። አዳራሹን አየሁት፤ ያኔ የሳቁት ሰዎች ሁሉ አጎንብሰው እግራቸውን ያያሉ። ጸጥ ሲል፣ ያ ጠቅ ጠቅ የሚለው የመዶሻ እጀታ ትዝ አለኝ። አንዴ ጭቃ ሲሉት ዝም ብዬአለሁ። ድንጋይ ሲሉትም ዝም ልበል?

«ይሁን» አልኩ።

ገንዘብ ያዡ መነጽሩን አወለቀ፤ በዚህ ጊዜ ግን ጠርጎ መልሶ አደረገው።

እንዳትቆጣ። ሁሉንም አስቤዋለሁ። የተከራየሁትን ሱቅ ለባለቤቱ መልሼ የፊቱን ክፍላችንን ሱቅ አድርጌዋለሁ። መስኮቱ መንገድ ላይ ነው፣ ከፍቼ እሸጣለሁ። ለሱቁ እከፍል የነበረው ኪራይ ለግብሩ ይሆናል። ደንበኞቼ ክር እየመረጡ ድንጋዩን ይዳስሱታል፤ «ማን ነው የሠራው?» ይሉኛል። ለወሬ ይህን የመሰለ መነሻ አግኝቼ አላውቅም! ሌላ ሌላውን ስናገር ደስ ይለኛል፤ ማታ መስኮቱን ስዘጋው ነው አልጋው ባዶ መሆኑ የሚታየኝ።

የሰሜኑ ግድግዳ ከነኖራው ቆሟል። አባባ ከመውደቁ በፊት ያወጣት አንዲት ድንጋይ ብቻ ከላይ እንደ ዓይን ቁልቁል ታያለች። መሮውን ይዤ ሞከርኩ፣ ድንጋዩን ቧጨርኩት። አያያዙን የሚያሳየኝ የለም። አንተ ግን ታውቃለህ፤ ባልዲ እየደፋህም ቢሆን ስታይ ነው ያደግከው። እጅ እኔ አለኝ፣ ሁለት፣ ደህና ደህናዎች። አንተ ከታች ቆመህ «ጋደል አድርጊው፣ አንቺ ደንባራ» እያልክ ትሰድበኛለህ። ግማሹን ፈልፍለን ግማሹን ለእማዬ ነጩን እንተውላት።

በምን እጄ፣ በየት በኩል ልግባ ብለሃል። ስትመጣ በሩን አታንኳኳ። በሰሜን በኩል ዞር በልና ግድግዳውን በግራህ መታ መታ አድርገው። እኔ ውስጥ ነኝ፣ እመልስልሃለሁ።

እህትህ